ኪንታሮትና የቤት ውስጥ ሕክምናው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን። 

ለዛሬው የጤና ዝግጅታችን መነሻ ያደረግነው ከንፋስ መውጫ አንዲት እናት የላኩልንን ደብዳቤ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው በሁለቱም እጆቹ ጣቶችና በአንድ ጉልበቱ ላይ ኪንታሮት ወጥቶበታል። ቁርኣን በሚቀራበት መድረሳ ልጆቹ «እንዳትነካን» ስለሚሉት እጁን ከኪሱ አያወጣም፤ ትልቅ ሰው ሰላም ሲለው እንኳ መጨበጥ ትቷል። ጎረቤት የቁልቋል ወተት ይቀባ ይላል፤ ሌላው በፈረስ ጭራ ይታሰር ይላል፤ አንድ ዘመድ ደግሞ ክታብ ካልተጻፈለት አይለቀውም ብሏል። እህታችን «ከሁሉም የትኛውን ላድርግለት?» ሲሉ ጠይቀውናል።

ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ኪንታሮት ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ መልሱን ለሁሉም ቤተሰብ እንዲሆን አድርገን አዘጋጅተነዋል።

አንድ ስም፣ ብዙ በሽታ

በመጀመሪያ ስሙን ማጥራት ያስፈልጋል። በአማርኛችን «ኪንታሮት» የምንለው አንድ በሽታ አይደለም። በእጅ፣ በእግርና በፊት ላይ የሚወጣውን ሻካራ ቡግር ኪንታሮት እንለዋለን። በፊንጢጣ ላይ የደም ሥር አብጦ ሲያሳምምና ሲያደማም ኪንታሮት እንላለን። በኀፍረተ ገላ አካባቢ የሚወጣውንም እንዲሁ በዚያው ስም እንጠራዋለን። መንስኤያቸውም ሕክምናቸውም ይለያያል። የፊንጢጣ ደም ሥር እብጠት ቫይረስ የሚያመጣው አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ለእጅ ኪንታሮት የተነገረውን የሚያቃጥል መድኃኒት ለፊንጢጣ ያደረገ ሰው ራሱን ለቁስልና ለከባድ ሥቃይ ይዳርጋል። «የኪንታሮት መድኃኒት አለን» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «የየትኛው ኪንታሮት?» የሚል ይሁን።

የዛሬው ርእሳችን በዋናነት የቆዳው ኪንታሮት ነው። በመጨረሻ ግን ብዙዎች በሐያእ ስለሚደብቁት ስለ ሦስተኛው ዓይነትም ጥቂት እንላለን።

ከየት ይመጣል?

ኮከብ የቆጠረ ልጅ ኪንታሮት ይወጣበታል ሲባል የሰማን ብዙዎች ነን። በሌላው ዓለም ደግሞ እንቁራሪት የነካ ያወጣል ይባላል። ሁለቱም እውነት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1907 ጁሴፔ ቹፎ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ኪንታሮት ጨምቆ፣ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ ካጠለለው በኋላ እንኳ በሽታው ሊተላለፍ እንደሚችል አሳየ። መንስኤው ከባክቴሪያ ያነሰ ነገር፣ ማለትም ቫይረስ መሆኑ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ዛሬ የዚህ ቫይረስ ዝርያዎች ከ200 በላይ እንደሆኑ ይታወቃል። ስሙ «ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ» ይባላል። በልጆች እጅ ላይ ኪንታሮት የሚያወጡት ዝርያዎች ካንሰር ከሚያመጡት የተለዩ ናቸው። እናቶች በዚህ ሊረጋጉ ይገባል።

ቫይረሱ የሚገባው በተጫረ ወይም በተሰነጠቀ ቆዳ በኩል ነው። በደጋው ብርድ እጁ የሚሰነጣጠቅ፣ ጥፍሩን የሚነክስ፣ በባዶ እግሩ የሚሄድ ልጅ በቀላሉ ይጋለጣል። ከገባ በኋላ ኪንታሮቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይወስዳል። ስለዚህ «ከእገሌ ልጅ ተጋባበት» ብሎ ጎረቤትን መውቀስ አያዋጣም፤ መቼና ከየት እንደያዘው ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። የቆዳ ኪንታሮት አብዛኛውን ጊዜ ያለ መድኃኒት ይለቃል። በልጆች ላይ ከሦስት ኪንታሮቶች ሁለቱ ያህል በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ በራሳቸው ይጠፋሉ። ይህም የሚሆነው አላህ (ሱ.ወ) በሰውነታችን ውስጥ ያኖረው የመከላከያ ኃይል ቫይረሱን ለይቶ ሲያውቀውና ሲያጠፋው ነው። ሲለቅም ጠባሳ አይተውም።

ይህን ማወቅ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ መታገሥ እንደ ሕክምና እንደሚቆጠር እንረዳለን። ሁለተኛ፣ ስለ ኪንታሮት ያን ሁሉ መድኃኒት የምንሰማው ለምን እንደሆነ ይገባናል። ኪንታሮቱ በራሱ ሊለቅ በተቃረበበት ሳምንት የተደረገ ነገር ሁሉ «ፍቱን ነው» ይባላል። ክር የታሰረለትም፣ ቅጠል የተቀባውም፣ ምንም ያልተደረገለትም ይድናል። የምንመርጠው ሕክምና ከምንም በላይ የማይጎዳ መሆን ያለበትም ለዚህ ነው። በራሱ ለሚለቅ በሽታ ዓይንን ወይም ጣትን መክፈል ኪሳራ ነው።

የቁልቋል ወተት

ከደጋው ወደ ወይና ደጋውና ወደ ቆላው ወረድ ሲባል ቁልቋልና ቅንጭብ ሞልቷል። ሲቆረጡ የሚወጣውን ነጭ ወተት ለኪንታሮት መቀባት በሀገራችን በብዙ ቦታ የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ መሠረት የለውም አንልም። ወተቱ ቆዳን የሚያቃጥል ነገር ስላለበት የኪንታሮቱን ሥጋ ሊበላው ይችላል። ችግሩ ግን ኪንታሮቱን ከደህናው ቆዳ ለይቶ አለማወቁ ነው። ከቁልቋል ቁልቋል፣ ከወቅት ወቅት ኃይሉ ይለያያል፤ መጠኑን የሚለካ የለም። ቆዳው ይቆስላል፣ ይመግላል፣ ጠባሳ ይተዋል።

ከሁሉ የሚያሰጋው ደግሞ ዓይን ነው። ልጅ የተቀባ ጣቱን ሳያስበው ወደ ዓይኑ ይወስዳል። የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ሲገባ ኃይለኛ ማቃጠል ያመጣል፤ የዓይኑን ብሌን ሽፋን ይጎዳል፤ ለጊዜው፣ ሕክምና ከዘገየም ለዘለቄታው፣ ማየት ሊያሳጣ ይችላል። ወተቱን ቆርጦ የሚያመጣው አዋቂም እንዲሁ አደጋ ላይ ነው። በአጋጣሚ ዓይን ውስጥ ከገባ ሳታሹት ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ያለማቋረጥ እጠቡትና በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። እስኪነጋ አትጠብቁ።

ስለዚህ ለእህታችን የመጀመሪያው መልሳችን ይህ ነው፦ የቁልቋሉን ወተት ይተዉት።

የፈረስ ጭራ፣ ምላጭ፣ እሳትና አሲድ

በፈረስ ጭራ ወይም በክር ማሰር የሚሠራው አንገት ኖሮት ለተንጠለጠለ ቡግር ነው። በጣት ላይ የሚወጣው ኪንታሮት ግን ሰፊ መቀመጫ ስላለው ክሩ አይዘውም። ቢይዘውም እንኳ ንጹሕ ባልሆነ ነገር የተቆረጠ ሥጋ ቁስሉ ሊመረቅዝ፣ አልፎም ቴታነስ ሊያስከትል ይችላል።

በምላጭ መቁረጥ ከዚህ የከፋ ነው። ሲደማ ቫይረሱ በዙሪያው ወዳለው ቆዳ ይዛመታል፤ አንዱን ያሉት አምስት ሆኖ ይመለሳል። ምላጩ የጋራ ከሆነ ደግሞ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ የሚተላለፍበት መንገድ ነው። ፂማቸውን የሚከረክሙ ወንድሞችም ኪንታሮት ባለበት ቦታ ላይ ምላጭ ባያሳርፉ ይሻላል።

በጋለ ብረት መተኮስን በተመለከተ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈውስ ካለባቸው ነገሮች ማርን፣ ዋግምትንና በእሳት መተኮስን ከጠቀሱ በኋላ ኡመታቸውን ከመተኮስ እንደከለከሉ በቡኻሪ ተዘግቧል። ሌላ መንገድ እያለ ሕፃንን በእሳት መተኮስ ከርኅራኄም ከሕክምናም የራቀ ነው። የመኪና ባትሪ አሲድ ማድረግ ደግሞ ጣትን እስከ አጥንቱ ሊበላ ስለሚችል ፈጽሞ አይሞከር። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ ማሰርም ቀላል መስሎ ይታያል እንጂ ሌሊቱን ካደረ ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል።

ጥቁር አዝሙድና ማር በሱና የተወደሱ ናቸው፤ በቤታችንም ይኑሩ። ነገር ግን በእነርሱ ተማምነን ሐኪም ሊያየው የሚገባውን እብጠት ማዘግየት የለብንም።

ክታብና ሩቅያ

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም አብሮ እንዳወረደ ነግረውናል፤ እንድንታከምም አዘዋል። ለበሽተኛ ፋቲሓንና ሌሎች የቁርኣን አንቀጾችን መቅራት፣ ዱዓ ማድረግም የተፈቀደና የተወደደ ነው። እናት ማታ ማታ በልጇ እጅ ላይ ቀርታ ብትተነፍስ መልካም ሥራ ነው፤ ልጁንም ያጽናናዋል። ምን እንደተጻፈበት የማይታወቅ ክታብ በአንገት ማንጠልጠል፣ ወይም «ማን እንዳደረገብህ እነግርሃለሁ» ወደሚል ጠንቋይ መሄድ ግን ወደ ሺርክ የሚያደርስ በር ነው። ገንዘብ ያባክናል፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ያቃቅራል። ሩቅያና ሕክምና ግን አይጣሉም፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መተው አያስፈልግም።

በቤት ውስጥ በደህና የሚሠራው

ሕክምና ካስፈለገ በቤት ውስጥ ለሚደረገው ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ሳሊሲሊክ አሲድ የተባለው መድኃኒት ነው። ስሙ ቢያስፈራም ከባትሪ አሲድ ጋር አይገናኝም። መጠኑ ተለክቶ በፋርማሲ ይገኛል፤ የጠነከረውን ቆዳ ቀስ በቀስ እያላላ ያነሳዋል። ለእጅ ብዙ ጊዜ 17 በመቶ ገደማ የሆነው ፈሳሽ፣ ለውስጥ እግር ደግሞ እስከ 40 በመቶ የሚደርሰው ይሰጣል። ለጭርት የሚታዘዘው የዊትፊልድ ቅባትም ይህ መድኃኒት አለበት፤ ነገር ግን መጠኑ 3 በመቶ ብቻ ስለሆነ ለኪንታሮት ደካማ ነው። ለባለ ፋርማሲው «ለኪንታሮት ነው» ብላችሁ በግልጽ ንገሩት።

አጠቃቀሙም እንዲህ ነው።

1ኛ. ኪንታሮቱን ለብ ባለ ውኃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መዘፍዘፍ።

2ኛ. የላላውን ነጭ ቆዳ በጥፍር ሞረድ ወይም በተረከዝ መፈተጊያ ድንጋይ ሳይደማ ቀስ አድርጎ ማንሳት። ሞረዱ ለዚሁ ብቻ ይሁን፤ ሌላ ሰው አይጠቀምበት።

3ኛ. በዙሪያው ያለውን ደህና ቆዳ ቫዝሊን መቀባት።

4ኛ. መድኃኒቱን በኪንታሮቱ ላይ ብቻ አድርጎ እስኪደርቅ መጠበቅ።

5ኛ. ይህንኑ በየቀኑ እስከ 12 ሳምንት መቀጠል። ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጦ ስለሚተው «አልሠራልኝም» ይላል። ቆዳው ከቀላና ካመመ ለጥቂት ቀን አሳርፎ እንደገና መጀመር ነው።

ይህን መድኃኒት በፊት ላይ፣ በኀፍረተ ገላ፣ በማርያም ምልክት ወይም በተቆረጠ ቆዳ ላይ ማድረግ ክልክል ነው። የስኳር ሕመም ያለባቸውና የእግራቸው የደም ዝውውር የደከመ ሰዎች ሐኪም ሳያማክሩ አይጠቀሙ። ጨቅላ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር እናቶችም እንዲሁ አስቀድመው ያማክሩ።

ፕላስተር ስለ መለጠፍም እንጠየቃለን። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ኪንታሮትን በሚያጣብቅ ቴፕ ለስድስት ስድስት ቀን እየሸፈኑ መቆየት ጥሩ ውጤት እንዳሳየ ዘግቦ ነበር። ከዚያ በኋላ በኔዘርላንድስና በዚያው በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች ግን አላረጋገጡትም። ጉዳት የለውም፤ ለሙስሊም ቤተሰብ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሳል።

ውዱእና ሕክምናው

በውዱእ ጊዜ ውኃ ቆዳውን መንካት አለበት። ስድስት ቀን የማይነሳ ቴፕ ይህን ይከለክላል። ሳሊሲሊክ አሲዱም ሲደርቅ በቆዳ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ እንደ ጥፍር ቀለም ውኃ ያግዳል። ስለዚህ ለእኛ የሚስማማው ሰዓት ከዒሻ እስከ ሱብሒ ያለው ነው። ዒሻ ከተሰገደ በኋላ ይዘፈዘፋል፣ ይቀባል፤ ለሱብሒ ሲነሱ ሽፋኑ በሳሙናና በለብታ ውኃ ተነስቶ ውዱእ ይደረጋል። ሌሊት ለመስገድ የሚነሳ ሰውም በቅድሚያ ያነሳዋል። መድኃኒቱ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚደረግ ይህ ከሕክምናው ምንም አያጎድልም። ሐኪም አቀዝቅዞ ወይም ቆርጦ ቁስል ከተፈጠረና ውኃ የሚጎዳው ከሆነ ግን ፉቀሃእ በቁስል መሸፈኛ ላይ ስለ ማበስና ስለ ተየሙም ያብራሩት ሑክም ስላለ በአቅራቢያችሁ ያለውን ዓሊም ጠይቁ። ዲናችን ችግርን የሚያቀል እንጂ የሚያከብድ አይደለም።

የውዱእ ቦታም ጥንቃቄ ይሻል። የውስጥ እግር ኪንታሮት እርጥብ በሆነ የጋራ ወለል ላይ በባዶ እግር ሲኬድ በቀላሉ ይተላለፋል። የየራሳችንን ነጠላ ጫማ እናድርግ፤ ፎጣ አንዋዋስ፤ ከታጠብን በኋላ እጃችንንና በጣቶቻችን መካከል ያለውን እናድርቅ፤ በብርድ ጊዜ የሚሰነጠቅ ቆዳ ቅባት አይለየው።

ወደ ጤና ተቋም መቼ?

ኪንታሮቱ በፊት ላይ ከወጣ፣ ከሦስት ወር ሕክምና በኋላ ካልለቀቀ፣ ካመመ፣ ከመገለ ወይም በአጭር ጊዜ በመላ ሰውነት ከተስፋፋ ሐኪም ይየው። በብዛት መስፋፋቱ የሰውነት መከላከያ አቅም መድከሙን ሊያመለክት ስለሚችል ምርመራ ያስፈልጋል። በአዋቂ ሰው ላይ አዲስ የወጣ፣ የሚደማ፣ የማይድን ወይም ቅርጹንና ቀለሙን የሚቀይር እብጠት ኪንታሮት ነው ተብሎ አይተው። በተለይ በውስጥ እግር ወይም በጥፍር ሥር የሚታይ እያደገ የሚሄድ ጥቁር ምልክት የቆዳ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ቀን አይሰጠውም።

በንፋስ መውጫና በአካባቢው ያላችሁ በከተማው ካለው ሆስፒታል ጀምራችሁ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሪፈር ትጻፍላችኋላችሁ። በደሴ አቅራቢያ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልና በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት በቆዳ ሕክምና የታወቁ ናቸው። በትልልቅ ሆስፒታሎች ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ኪንታሮቱን ማድረቅ ነው። ያማል፤ ብዙ ጊዜም መደጋገም ይፈልጋል። ስለዚህ ለትንሽ ልጅ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም።

በሐያእ የሚደበቀው

በኀፍረተ ገላ ላይ የሚወጣው ኪንታሮት በአብዛኛው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። በዚህ ቦታ ላይ ቅጠል፣ የቁልቋል ወተት ወይም ለእጅ የተገዛ መድኃኒት ፈጽሞ አይደረግም። ባልና ሚስት ሁለቱም ይታዩ። ቫይረሱ ሳይታይ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል አሁን ታየ ማለት አሁን መጣ ማለት አይደለም። በጥርጣሬ ተነስቶ ትዳር ማፍረስ ትልቅ በደል ነው። ሐያእ ከኢማን ነው፤ ነገር ግን በሽታን ለሐኪም ከመናገር የሚከለክል አይደለም።

የዚሁ ቫይረስ ሌሎች ዝርያዎች፣ በተለይ 16ኛውና 18ኛው፣ የማሕፀን በር ካንሰር ዋና መንስኤ ናቸው። ይህን ያገኙት ጀርመናዊው ሐራልድ ሱር ሐውሰን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በሀገራችን መከላከያ ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በዘመቻ ተሰጥቷል። ክትባቱ መካን ያደርጋል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። ልጆቻችሁን አስከትቡ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እናቶችም ሳትታመሙ በፊት የማሕፀን በር ምርመራ አድርጉ።

ለእህታችን

ወደ ደብዳቤው ስንመለስ፣ ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጊዜ ከእርሱ ጋር ነው። ካላመመው መጠበቅ ይቻላል። እጁን መደበቁ ካሳዘነዎት ደግሞ ከዒሻ በኋላ የሚደረገውን ሕክምና ይጀምሩ፤ ሦስት ወር ይታገሡ። ቀን ቀን ኪንታሮቱን በፕላስተር ይሸፍኑለት፤ ለውዱእ ይነሳል። መድረሳ ሄደው ኡስታዙን ያነጋግሩ፤ ኡስታዙ በልጆቹ ፊት እጁን ጨብጦ ሰላም ቢለው ከብዙ ምክር ይበልጣል። በመጨባበጥ መተላለፉ እምብዛም ነው፤ በንቀት የተገፋ ልጅ ልብ ግን ከኪንታሮቱ በኋላም ይቆስላል።

አላህ (ሱ.ወ) ለልጆቻችን ጤናን፣ ለወላጆች ትዕግሥትን፣ ለታመሙት ሁሉ ሺፋን ይስጥልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።